ከሰማይ እና ከወንዝ፡ የካርቱም ሁለት ጎርፎች ስለ አደጋ ዝግጁነት ምን ያስተምራሉ?

በነሐሴ 1988 መጀመሪያ ላይ፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ካርቱም ላይ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወረደ። የሱዳን መዲና በዓመት በአማካይ ከምታገኘው ዝናብ የሚበልጥ መጠን ነው። ሰማዩ ሲጠራ በከተማዋ ዳርቻ የነበሩ የጭቃ ቤቶች ፈራርሰው፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ መንገዶች ተዘግተው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆኖ ነበር።

ከ32 ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 2020 መጀመሪያ፣ የናይል ወንዝ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው የወንዙ ልኬት ታሪክ ይህን ያህል የደረሰበት ጊዜ አልነበረም። ለረዥም ጊዜ ሲጠቀሱ የኖሩት የ1946 እና የ1988 ልኬቶች ተሻሩ። የሱዳን የጸጥታና የመከላከያ ምክር ቤት አገሪቱን የተፈጥሮ አደጋ ቀጣና ብሎ ለሦስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በዚያ ክረምት በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከ800 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በጎርፉ ተጎድተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ወራትም ዓመታትም የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱም ክስተቶች በተለምዶ "የናይል ጎርፍ" ይባላሉ። ስሙ ግን ያሳስታል። የ2020ው እውነትም የወንዝ ሙላት ነበር። የ1988ቱን ቤቶች በአብዛኛው ያፈረሰው ግን ከሰማይ የወረደው ውሃ ነው፤ ወንዙ አፋፉን የተፈታተነው ከዚያ በኋላ ነበር። አንድ መንግሥት የትኛውን ጎርፍ አስቦ እንደሚዘጋጅ፣ ገንዘቡን የት እንደሚያውል፣ ማስጠንቀቂያውን ለማን እንደሚያደርስ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ካርቱም ባለፉት አራት አስርት ዓመታት በብዛት የተዘጋጀችው ለአንዱ ጎርፍ ብቻ ነው።

ሙላት እና ደራሽ

አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው። ወንዝ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ ከአፋፉ ሲወጣ "ሞላ" እንላለን። ባልታሰበ ሰዓት ከላይ መጥቶ ያገኘውን ጠራርጎ የሚሄደው ደግሞ "ደራሽ" ነው።

ካርቱም፣ ኡምዱርማን እና ባህሪ የሚባሉት ሦስቱ ከተሞች የተሰባሰቡት ጥቁር አባይና ነጭ አባይ በሚገናኙበት፣ አል ሞግራን በሚባለው ስፍራ ዙሪያ ነው። ነጭ አባይ ዓመቱን ሙሉ ብዙም የማይዋዥቅ፣ ዝግ ያለ ወንዝ ነው። ጥቁር አባይ ግን የክረምት ወንዝ ነው። በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ ደጋዎች የሚዘንበውን ሰብስቦ ካርቱም ላይ ጣሪያው የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያ ወቅት ጉልበቱ እጅግ ስለሚበረታ ነጭ አባይን መተላለፊያ ይነሳዋል፤ የነጭ አባይ ውሃም ወደ ኋላ ይተኛል። ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ አባይ ዳር ያሉ እንደ ሸጀራና ላማብ ያሉ ሰፈሮች ፈጽሞ በሌላ ወንዝ ተፋሰስ በዘነበ ዝናብ የሚጥለቀለቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሙላት ግን ሳይነግር አይመጣም። ውሃው የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግሮ ኤል ዴይም ከሚባለው የመለኪያ ጣቢያ ተነሥቶ፣ የሮሰይረስንና የሴናርን ግድቦች አልፎ ካርቱም እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። አቅመ ደካማን ለማስወጣት፣ ከብት ለማሻገር፣ ጆንያ በአሸዋ ለመሙላት፣ መድኃኒትና ሰነድ ከፍ ካለ ቦታ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ግድቦቹ ሙላቱን ለምን አይዙትም? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በ1925 የተጠናቀቀው ሴናርና በ1966 የተጠናቀቀው ሮሰይረስ በዋናነት የተሠሩት ለመስኖ ነው። ጥቁር አባይ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው ደለል እንዳይደፍናቸው፣ በክረምቱ አናት ላይ በሮቻቸውን ከፍተው ውሃውን ያሳልፋሉ። ውሃ መያዝ የሚጀምሩት ሙላቱ መጉደል ሲጀምር ነው። የሱዳንን ግድቦች እጅ አስሮ ያቆየው፣ በሌላ አነጋገር፣ የኢትዮጵያ የተራቆተ ተዳፋት አፈር ነበር።

ደራሹ ይህን ሁሉ ጊዜ አይሰጥም። ከምሥራቅ ከቡታና ሜዳ፣ ከምዕራብ ደግሞ ከኡምዱርማን ጀርባ ካለው በረሃማ ምድር የሚነሱ፣ በሱዳን አረብኛ "ኮር" የሚባሉ ደረቅ የጎርፍ መውረጃዎች አሉ። ለረዥም ጊዜ ደርቀው ስለሚቆዩ ባዶ ሜዳ ይመስላሉ፤ ቤት ይሠራባቸዋል፣ ገበያ ይቆምባቸዋል። ውሃ ሲወርድባቸው ግን በሰዓታት ውስጥ ነው። የካርቱም ምድር ለጥ ያለ በመሆኑ የወረደው ውሃ መውጫ ያጣል። የባቡር ሐዲድና የአስፋልት መንገድ የተዘረጋበት ቁልል አፈርም ውሃውን እንደ ግድብ ያቁረዋል። "ጃሉስ" በሚባለው ጭቃ የተሠራ የድኻ ቤት ዝናብን ይችላል፤ ለቀናት ከሥሩ ተኝቶ የሚሰነብት ውሃን ግን አይችልም። መጸዳጃ ጉድጓዶቹም አብረው ይደረመሳሉ፤ ከጎርፉ ቀጥሎ የሚመጣው የወባና የኮሌራ ስጋት መነሻውም ይኸው ነው።

ሳተላይቱ ያየውና ያላየው

ከ1988 በኋላ የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር በዓለም አቀፍ ድጋፍ የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተከለ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፦ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ የሚያንዣብበውን ደመና ከሳተላይት ምስል አይቶ፣ የሚሰጠውን ዝናብ ገምቶ፣ ከቀናት በኋላ ወንዙ ካርቱም ላይ የት እንደሚደርስ ማስላት። ከዓመታት በኋላም የናይል ተፋሰስ አገሮች ትብብር አካል የሆነውና መቀመጫው አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ ናይል ቴክኒካዊ ጽሕፈት ቤት ለጣና ዙሪያ፣ ለጥቁር አባይ፣ ለተከዜ እና ለባሮ በየክረምቱ የጎርፍ ትንበያ ማውጣት ጀመረ። ሦስቱ አገሮች ስለ ግድብ ሲወዛገቡ በከረሙባቸው ዓመታት እንኳ ባለሙያዎች ስለ ዝናብ መነጋገራቸው ብዙ ያልተዘመረለት ሥራ ነው።

ሥራው ፍሬ አፍርቷል። በ2020 የወንዙ ከፍታ በየቀኑ ይገለጽ ነበር፤ ማስጠንቀቂያም ከውሃው ቀድሞ ወጥቷል።

ነገር ግን ወንዙን እንዲመለከት የተተከለ ዓይን ሰፈሩን አያይም። በነሐሴ 2013 በካርቱም ዙሪያ የጣለው ከባድ ዝናብ በምሥራቅ ናይል ወረዳ፣ በተለይም መራቢዕ አል ሸሪፍ በሚባለው አካባቢ፣ እንዲሁም በኡምዱርማን ጠርዝ በኡም በዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አፈረሰ። ከወንዙ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በጎርፍ ተጠረጉ። ሥርዓቱ የሚከታተለው ደመና በጎጃም ሰማይ ላይ ያለውን ነበር፤ የዚያን ሰሞን ደመና ግን ከራሳቸው ከነዋሪዎቹ በላይ ነበር። መንግሥትም በምላሹ ዘገምተኝነት ክፉኛ ተወቀሰ።

በሁለቱም ጊዜ ቀድመው የተጎዱት በከተማዋ ጠርዝ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በ1988 ከደቡቡ ጦርነት የሸሹና በ1984 እና በ85 ድርቅ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን የተፈናቀሉ ሰዎች በጆንያ፣ በካርቶንና በጭቃ ያቆሟቸው መንደሮች ነበሩ ቀድመው የተጠረጉት። የከተማዋ ፕላን ስለማያውቃቸው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አልተቆፈረላቸውም። የሰፈሩበትም ሌላ ሰው ያልፈለገው ዝቅተኛ መሬት ነበር። ዝናቡን ተፈጥሮ አመጣው ብንል እንኳ፣ ማን ኮር ውስጥ እንደሚያድር የወሰኑት ጦርነቱ፣ ድርቁና የመሬት አስተዳደሩ ናቸው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም። በነሐሴ 2006 በሌሊት፣ በበጋ ሰው በእግሩ የሚሻገረው የድሬዳዋው ደቻቱ ከሐረርጌ ደጋዎች በወረደ ደራሽ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚያው ወር የጣና ዳርቻዎቹ ፎገራና ደንቢያ ቀስ በቀስ በወጣ ውሃ ተጥለቅልቀው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። አንድ ክረምት፣ አንድ አገር፣ ሁለት ዓይነት ጎርፍ፤ የሟቾቹ ቁጥር ልዩነት ብዙ የሚናገር ነው። ፎገሬው ውሃው ሲመጣ ያየው ነበር። ድሬዳዋ ግን ተኝታ ነበር።

ለደራሽ የሚደረግ ዝግጅት ከወንዝ ትንበያ የተለየ ነው። ከከተማው በላይ ባሉ መውረጃዎች ላይ የሚተከል መለኪያ፣ በሌሊትም ነቅቶ ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምጽ ማጉያ በደቂቃዎች ውስጥ ሰፈርን የሚቀሰቅስ ስምምነት ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ኮሮቹ የት የት እንደሚያልፉ የሚያሳይ ካርታና በዚያ ላይ የግንባታ ፈቃድ የማይሰጥ ማዘጋጃ ቤት ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው በወጪ ርካሹ፣ በፖለቲካ ግን ውዱ ነው። ቦይ መጥረግም እንዲሁ፤ በካርቱም ቦዮቹ የሚጠረጉት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው የሚለው ወቀሳ በየክረምቱ ይሰማ ነበር።

የቱቲ ጠባቂዎች

በሁለቱ ወንዞች መጋጠሚያ ላይ ያለችው ቱቲ ደሴት እስከ 2000ዎቹ መገባደጃ ድረስ ከዋናው ከተማ ጋር የሚያገናኛት ድልድይ አልነበራትም። ነዋሪዎቿ ግን "ጣያ" የሚሉት የቆየ የጥበቃ ሥርዓት አላቸው። የሙላት ወቅት ሲቃረብ የደሴቲቱ ዳርቻ በክፍል በክፍል ይከፋፈላል። በየክፍሉ ወንዙን ሌት ተቀን የሚጠብቁ ሰዎች ይመደባሉ። አፋፉ መሸርሸር ሲጀምር ጠባቂው ጩኸት ያሰማል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አካፋና ጆንያ ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ምግብና ሻይ የሚያቀርብ ይኖራል፣ አፈር የሚያመላልስ ይኖራል። በ1946 ሙላት የደሴቲቱ ሰዎች ወንዙን ገትተው ያደሩበት ታሪክ ዛሬም ሱዳናውያን በሚያዜሙት ዘፈን ይታወሳል።

ጣያን የባህል ማስታወሻ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። አሠራሩን በቅርብ ላየ ግን ዘመናዊው ሥርዓት የሚጎድለውን ነገር ይዟል። በጣያ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውና እርምጃ የሚወስደው አንድ ማኅበረሰብ ነው፤ በመካከል የሚጠፋ ወረቀት የለም። ማን የት እንደሚቆም የተወሰነው ውሃው ከመምጣቱ በፊት ነው። አፋፉ የት ላይ እንደሚሳሳ የሚያውቁት ደግሞ ያለፈውን ሙላት ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው።

ይህን ከሚኒስቴሩ መግለጫ ጋር እናነጻጽረው። "ወንዙ 17 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ደርሷል" የሚል መግለጫ ለመሐንዲስ ሙሉ መልእክት ነው። ለአንዲት የላማብ እናት ግን ምንም አይነግራትም። እርሷ ማወቅ የምትፈልገው ውሃው ነገ ማታ ከመስጊዱ ጀርባ ይገባ እንደሆነ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደምትሄድ፣ እዚያስ ውሃና መጸዳጃ መኖሩን ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ባለፉት ዓመታት ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይም ይኸው ነው፦ ማስጠንቀቂያ የሚነገረው ሰማዩ ምን እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን ሰዎች ላይ ምን እንደሚያደርስ ጭምር መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2022 የጀመረው፣ በ2027 መጨረሻ እያንዳንዱን የዓለም ነዋሪ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመሸፈን ያለመው ዕቅድ የሚፈተነውም በዚህች የመጨረሻ እርምጃ ላይ ነው።

ምሳሌ የምትሆን አገር ካስፈለገ ባንግላዴሽ አለች። በ1970 በዚያ ምድር ላይ የደረሰው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ የተደራጁ በጎ ፈቃደኞች ድምጽ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት መዞራቸው፣ ከፍ ያሉ መጠለያዎችም በየመንደሩ መሠራታቸው በተመሳሳይ አውሎ ነፋሶች የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር እጅግ ቀንሶታል። በሌላ ቋንቋ፣ ጣያን በመንግሥት በጀት ማለት ነው።

ደቦ የሚችለውና የማይችለው

ሱዳናውያን "ነፊር" የሚሉት ለእኛ ደቦ ነው፤ ወንፈል ወይም ጅጊ የሚለውም አለ። እርሻ ለማረም፣ ቤት ለማቆም ጎረቤት ተጠራርቶ የሚወጣበት ልማድ ነው። በ2013 ጎርፍ ጊዜ የካርቱም ወጣቶች በዚህ ስም ተሰባስበው የተጎዱ ሰፈሮችን መዘገቡ፣ የስልክ መቀበያ ማዕከል አቋቋሙ፣ ምግብና ላስቲክ አደረሱ። ብዙዎቹ የዕድሜ እኩዮቻቸው በ2020 እንደገና ጆንያ ሲሞሉ ታዩ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ያው የሰፈር መረብ "የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች" በሚል ስም የጋራ ወጥ ቤቶችንና ክሊኒኮችን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ክፍሎቹ በ2025 የኖርዌዩን የራፍቶ ሽልማት አግኝተዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ለጎርፍ የተማረ ሰፈር ለጦርነትም ተማረ ማለት ይቻላል። የአደጋ ምላሽ ገንዘብ የሚሰጡ አካላትም ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው የሚያወጣው ጎረቤት ነው፤ አውሮፕላኑ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። ይሁንና የጎረቤት እጅ የመንግሥትን ጉድለት መሸፈኛ ሲሆን አደጋ አለው። በሐምሌ 2024 በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በመጀመሪያው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለወገን መድረስን ማንም አላስተማራቸውም፤ አያስፈልግምም ነበር። የተናደ ተዳፋት እንደገና ሊናድ እንደሚችል የሚያውቅና "ቆዩ" የሚል ሰው ግን በቦታው ያስፈልግ ነበር።

ነፊር ጆንያ ይሞላል። የፍሳሽ ማስወገጃ መስመር አይዘረጋም፤ ኮር ውስጥ የሰፈረን ሰው ሌላ መሬት ሰጥቶ አያዛውርም። ከካርቱም በስተሰሜን በናይል ዳር ያለችው ወድ ረምሊ መንደር በ2019 በጎርፍ ወድማ በ2020 እንደገና የተጥለቀለቀችው በጎ ፈቃደኛ ጠፍቶ አይደለም።

በመዝገብ ላይ የሌሉ ሰዎች

በካርቱም ለአስርት ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኖረዋል። ደይምና ጀሪፍ የሚሉት ስሞች በሱዳን በኩል ባለፈ ሐበሻ ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ጀሪፍ በጥቁር አባይ ዳር ያለ፣ የሸክላ ጡብ ምድጃዎች የሚጨሱበት አካባቢ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ሩቅ አይደለም።

የሱዳን ሕግ ስደተኞች በምሥራቅ ባሉት መጠለያ ጣቢያዎች እንዲኖሩ ስለሚፈልግ፣ ያለ ፈቃድ ካርቱም የሚኖር ስደተኛ እስርና ቅጣት ያሰጋው ነበር። በአደጋ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ስሙን ለማስመዝገብ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት መሄድን ይፈራል። አረብኛ የማያነብ ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ከአከራዩ ወይም ከቡና ጠጪው አፍ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ሴት አሠሪዎቿ ሲሸሹ ቁልፍ ተረክባ ልትቀር ትችላለች። የዕርዳታ ዝርዝር የሚዘጋጀው ደግሞ በቤተሰብ መዝገብና በሰፈር ኮሚቴ በኩል ነው።

መፍትሔው ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ማስጠንቀቂያን በአማርኛና በትግርኛ መቅዳት፣ ስደተኞች በሚሰበሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ቡና ቤቶች ማሰራጨት፣ በአደጋ ወቅት ዕርዳታ የሚጠይቅን ሰው መታወቂያ አለመጠየቅ። ለ1988ቱ ተፈናቃዮች ያልተደረገው ለእነዚህም አልተደረገም። ይኸው ጥያቄ አዲስ አበባን፣ መተማንና ጋምቤላንም ይመለከታል፤ ዛሬ ሱዳናውያን ስደተኞች ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት እየከረሙ ነውና።

ግድቡ ምን ቀየረ?

በጥቁር አባይ ላይ የተገነባው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከሮሰይረስ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ደለሉን ያስቀራል፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ በልኩ መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ ለካርቱም የሙላት አደጋን የመቀነስ አቅም አለው፤ ሱዳናውያን ባለሙያዎች ራሳቸው ይህን ሲናገሩ ቆይተዋል። በደራሹ ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለውም። ኡም በዳ ላይ የሚወርደው ዝናብ ጉባን አያውቃትም።

ትልቅ ግድብ አደጋውን ሲቀንስ ዓይነቱንም ይለውጣል። ሙላቱ በሰማዩ ብቻ መወሰኑ ቀርቶ በአንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ውሳኔም ይወሰናል። በሐምሌ 2020፣ የግድቡ የመጀመሪያ ሙሌት ሲካሄድ፣ የካርቱም ባለሥልጣናት ወንዙ በድንገት በመጉደሉ የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ከተማ በታሪኩ ትልቁን ሙላት አየ።

ግድቡ በመስከረም 9፣ 2025 ተመረቀ። በዚያው ወር መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ በሱዳን የናይል ዳርቻዎች ተጥለቀለቁ፤ ካርቱምን ጨምሮ ለበርካታ ግዛቶች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ግብጽ ኢትዮጵያን ያለ ቅንጅት ውሃ ለቃለች ስትል ከሰሰች። ኢትዮጵያ ክሱን ውድቅ አድርጋ ግድቡ የጎርፉን ጉዳት እንደቀነሰ ገለጸች። ክርክሩ በዚህ ጽሑፍ አይፈታም። ከዝግጁነት አንጻር ግን ጊዜው ራሱ ልብ ሊባል ይገባል። በመስከረም መጀመሪያ ሙላቱ አለፈ ብሎ የለመደ ገበሬና የዳርቻ ነዋሪ በጥቅምት ዋዜማ ውሃ ሲመጣበት ልምዱ አይረዳውም። የአያት የቀን አቆጣጠር ከእንግዲህ ብቻውን አይበቃም፤ ከግድቡ የሚመጣ ቁጥር ያስፈልገዋል።

በመጋቢት 2015 ካርቱም ውስጥ ሦስቱ መሪዎች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ መረጃ ስለ መለዋወጥ ይናገራል። አስገዳጅ ስምምነት ግን ከዚያ ወዲህ አልተደረሰም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለጎርፍ ጉዳይ ሙሉ ውል መጠበቅ አያስፈልግም። በሕዳሴ እና በሮሰይረስ መቆጣጠሪያ ክፍሎች መካከል በክረምት በየሰዓቱ የሚሠራ የመረጃ መስመር የውሃ ድርሻን አይነካም፤ የማንንም የመደራደሪያ አቋም አያዳክምም። በጦርነት መካከል ባለች አገር በኩል ስልኩን የሚያነሳው ማነው? የሚለው ግን እውነተኛ ችግር ነው።

ጦርነቱና መጪው ክረምት

በነሐሴ 2024 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአርበዓት ግድብ በከባድ ዝናብ ተደረመሰ። መንደሮች ተጠረጉ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ። ጦርነቱ ካርቱምን ካመሰቃቀለ በኋላ በዚያን ጊዜ የመንግሥት መቀመጫ የነበረችው ፖርት ሱዳን ዋነኛ የውሃ ምንጯን አጣች። ከዓመት በፊት፣ በመስከረም 2023፣ የሊቢያዋ ደርና ከበላይዋ ያሉ ሁለት ግድቦች ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተውባታል። በሁለቱም ስፍራ የተከፋፈለ መንግሥትና ጥገና ያጣ ግድብ ከአንድ ከባድ ዝናብ ጋር ተገናኝተዋል።

ካርቱም በ2025 የጸደይ ወራት ወደ ጦር ሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተመልሰዋል። ያገኟት ከተማ የቀድሞዋ አይደለችም። በግንቦት 2025 የድሮን ጥቃት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን ሲመታ የውሃ ጣቢያዎች ቆመው ኮሌራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቅቷል። ቦዮች በፍርስራሽ ተሞልተዋል። ያልፈነዱ ተተኳሾች በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ ጎርፍ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ከነበረበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል፤ የጸዳ ነው የተባለ መንገድ በአንድ ሌሊት ያልጸዳ ሊሆን ይችላል። ቤታቸው የፈረሰባቸው ተመላሾች በእጃቸው ባለው ዕቃ፣ ባገኙት መሬት ላይ እየሠሩ ነው፤ የሚጠይቃቸውም፣ ኮሩን የሚያሳያቸውም ሰው በአብዛኛው የለም።

ቱቲም ከጦርነቱ አላመለጠችም። ደሴቲቱ ለረዥም ጊዜ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተከባ ከቆየች በኋላ በ2024 አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ለቅቀው ወጡ። አፋፉ የት ላይ እንደሚሳሳ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ሌሎች የሱዳን ከተሞችና ወደ ጎረቤት አገሮች ተበትነዋል። በሙላት ወቅት የደሴቲቱን ዳርቻ በክፍል በክፍል ለመመደብ መጀመሪያ የሚመደቡት ሰዎች መመለስ ይኖርባቸዋል።